ሳድስ ፊደል ልጆችን ለምን ያደናቅፋል?

አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ «ሆድ»ን ስታነብ «ድ»ን ብትጎትተው አትቆጧት። ገበታው ላይ የተማረችው እንደዚያ ነው።

ከሰባቱ የፊደል ረድፎች ስድስተኛው ሳድስ ይባላል፤ ህ፣ ል፣ ም እያለ ይቀጥላል። ሌሎቹ አናባቢያቸውን አይለቁም። ሳድስ ግን ሁለት አነባበብ አለው፦ አንዳንዴ አጭር አናባቢ ይሰማበታል፣ አንዳንዴ ተነባቢው ብቻውን ይቀራል። «ድመት» ላይ «ድ» አናባቢ አለው፤ «ሆድ» ላይ የለውም። አጻጻፉ ግን ያው ነው።

ሳድስ ቃል ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አናባቢው ይሰማል፣ ቃል ሲጨርስ አይሰማም። ከባዱ መሐሉ ነው። «ትምህርት»ን እዩት፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው! አናባቢ የሚሰማው ግን በመጀመሪያው «ት» እና በ«ህ» ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሕግ ለሰባት ዓመት ልጅ ማስሸምደድ አያስፈልግም። ፊደላቱን አንድ በአንድ ካነበበች በኋላ «እስቲ አሁን ቶሎ በይው፣ የምታውቂው ቃል ነው?» በሏት። ጆሮዋ ያርመዋል። ለዚህም ነው ውጭ አገር ያደጉና አማርኛ ብዙ የማይሰሙ ልጆች እዚህ ላይ የሚቸገሩት፤ እነሱ ቃሉን ከማንበባቸው በፊት ደጋግመው ሊሰሙት ይገባል።