ወጣቱ ባህሉን ንቆ ነው? እስቲ መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ

ደብረ ብርሃን ላይ የባህል ቀን ወይም የወጣቶች ዝግጅት ባለፈ ቁጥር የግምገማው ስብሰባ ላይ የማይቀር ንግግር አለ፦ «የዛሬ ወጣት ባህሉን ንቋል፤ ውሎው ስልኩ ላይ ነው።» አዳራሹ ለምን ባዶ እንደቀረ የሚጠይቅ ግን የለም። የዚህኛው መልስ ስለሚረዝም አብረውት የሚነገሩትን ትናንሽ አባባሎች ቀድመን እንጨርስ።

«ብዝኃነት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ ሁሉም አንድ ነው።» አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከየክልሉ ተማሪ ይቀበላል፤ ፋብሪካዎቹ ከየገጠሩ ሠራተኛ ይስባሉ፤ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችም እዚሁ ይኖራሉ። ከደጋው ወደ አልዩ አምባና ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ጎረቤት ናቸው።

«ወጣት ማለት ተማሪ ነው።» የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የ28 ዓመት ባጃጅ ነጂና ልጅ ያዘለች እናትም እዚህ ውስጥ አሉ። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ብቻ የተነገረ ማስታወቂያ አይደርሳቸውም።

«ለየብሔሩ አንድ አንድ ጭፈራ ከቀረበ ሁሉም ተወክሏል።» ልብሱ ተከራይቶ፣ ጭፈራው ከቪዲዮ ተቀድቶ፣ የባህሉ ባለቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲዛባ ያያል። ባለቤቱን ጠርቶ ቢያንስ ሁለት ልምምድ ላይ እንዲያርም ማድረግ ወጪ የለውም። ከዚያም አልፎ ባህል ሁሉ ጭፈራ አይደለም። የመንዝ ባና (ከበግ ጠጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ) እንዴት እንደሚሠራ የምታውቅ አንዲት እናት የበግ ጠጉር ይዛ ጥግ ላይ ብትቀመጥ ዙሪያዋን ከመድረኩ የበለጠ ልጅ ይከባታል።

«ሥጋ ያልቀረበበት ድግስ አይባልም።» ይሄኛው በየዓመቱ ችግር ይፈጥራል። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ አይበላም። ስለዚህ ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ ይዘጋጅና «የአንድነት ቀን» የተባለው ዝግጅት ምሳ ላይ ለሁለት ሰልፍ ይከፈላል። ዓርብ ከሆነ ደግሞ የሚጾመው ሳይቀምስ ይሄዳል። የጾም ምግብ ብቻ ማቅረብ ሁሉንም ይፈታል። ለ100 ሰው 150 እንጀራ፣ 5 ኪሎ ሽሮ፣ 5 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ሊትር ዘይት ይበቃል፤ ምስርና ጎመን ከተጨመረ ሽሮው ወደ 3 ኪሎ ይወርዳል። ድስቱና ጭልፋው ሥጋ ያልነካው ይሁን፤ ወጥ ቤቱን ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ እናት ይቆጣጠሩት። ከጠላ ይልቅ ሻይና ብርዝ ይሻላል፤ ብርዙ ካደረ መፍላት ስለሚጀምር በዕለቱ ይበጥበጥ። የረመዳን ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ቀን ገልብጦ መያዝም አያዋጣም።

ለንፍሮ ያሰበ ደግሞ ከፍታውን ያስብ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 1,300 ሜትር አካባቢ ያለችውን ሸዋ ሮቢትን የለመደ አብሳይ በዚያው ሰዓት ካወረደው ባቄላው እንዳልበሰለ ይቀርባል። ማታ መዘፍዘፍ፣ ጠዋትም ቀደም ብሎ መጣድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፦ ወጣቱ ባህሉን ንቋል ወደሚባለው።

ጥሪ ወረቀቱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል። ቀኑ እሑድ ከሆነ ቅዳሴ የሄደው ገና እየወጣ ነው። ዓርብ ከሆነ ከ6 ሰዓት በኋላ ሙስሊሙ ለጁምዓ ይነሣል። የፋብሪካ ልጆች ፈረቃ ላይ ናቸው። ሰኔ ከሆነ ፈተና፣ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ዝናብ አለ። ማታ ይሁን ካላችሁ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ እንደገባች ይጀምራል፤ ሴቶች ልጆችንም ከ12 ሰዓት በኋላ ውጪ እንዲቆዩ የሚፈቅድ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ታልፎ የመጣው ወጣት ደግሞ የፊት ሦስት ረድፍ ለክብር እንግዳ ተይዞ፣ እንግዳው እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ አምስት ንግግር። እያንዳንዱ «አሥር ደቂቃ» ተብሎ ሃያ ስለሚሆን አንድ ሰዓት ከአርባ ይፈጃል። እዚያ ያልተቀመጠውን ልጅ ባህል ጠላ ትሉታላችሁ!

የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። ጥቅምት ወይም ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት ላይ ያልቃል። ንግግር አንድ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ያውም ከሁለተኛው ትርዒት በኋላ። እንግዳው ከዘገየ ይጀመራል፤ ሲደርስ ቦታው ይሰጠዋል።

ልምምድ ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሴቶቹ ቀድመው የሚቀሩት ውሃ መቅዳትና እራት ማሰናዳት ስለሚጠብቃቸው ነው እንጂ ስለሰነፉ አይደለም፤ ልምምዱ ትምህርት እንደተለቀቀ እዚያው ግቢ ውስጥ ይሁን። 40 ልጅ ተመዝግቦ መድረክ የሚወጣው 12 ከሆነ ለቀሪው 28 ሥራ ያስፈልገዋል፦ ድምፅ፣ ወንበር፣ ምዝገባ፣ ቡና፣ ጽዳት። ሥራ የተሰጠው ልጅ ይመጣል፤ እናቱንና ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። «ታዳሚ ሁን» የተባለው ቤቱ ይተኛል።

ለድምፅ የተመደበው ልጅ ሁለት ነገር ይወቅ። ማይክ የሚጮኸው ከስፒከሩ ፊት ስለሚቆም ነው፤ ስፒከሮቹ ከመድረኩ ጫፍ ቀደም ብለው ወደ ታዳሚው ይዙሩ። ከበሮ ደግሞ በእርጥብና በቀዝቃዛ አየር ቆዳው ይላላል፤ ከመግባቱ በፊት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፣ እሳት ዳር ከሆነ ግን ራቅ ይበል፣ አለዚያ ይሰነጠቃል።

«ገንዘብ ስለሌለ ነው ፕሮግራሙ የቆመው።» አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የቆመው የአዳራሹ ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ስላለና ሰውዬው መስክ ስለወጣ ነው። ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ፤ አንዱ ልጆቹ በመረጡት ተወካይ እጅ ይሁን፣ የወሰደና የመለሰም በደብተር ይፈርም።