ፈጠራ የሚመስሉ እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃላት በጅማ ጆሮ

እንግሊዝኛን የተማረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማቸው «ይህን ደግሞ ማን ፈጠረው?» ብሎ የሚጠራጠራቸው፣ ነገር ግን በመዝገበ ቃላት የሰፈሩና አመጣጣቸው የታወቀ ቃላት በዚያ ቋንቋ ውስጥ በርካታ ናቸው። አንዳንዶቹ በድምፃቸው ያስቃሉ፤ ሌሎቹ ስም ይኖረዋል ተብሎ የማይጠበቅ ነገር ስለሚሰይሙ ያስገርማሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በእርግጥም አንድ ሰው በአንድ ቀን የፈጠራቸው ሆነው ሳለ ከነባሮቹ እኩል ወንበር አግኝተዋል። ጅማ ላይ እነዚህን ቃላት ማንሳት የራሱ ጣዕም አለው። የከተማው ልጅ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን እያፈራረቀ፣ ከዳውሮ፣ ከየምና ከካፋ ሰዎች ጋር ገበያ እየዋለ ስለሚያድግ ጆሮው ለባዕድ ድምፅ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዝኛን ግን በአብዛኛው የሚያገኘው ከክፍልና ከመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ደግሞ የአንድን ቋንቋ ሳሎን እንጂ ጓዳውን አያሳይም።

ከጓዳው ቃላት መካከል ቶሎ የሚያስቁት መንታ ሆነው የሚነገሩት ናቸው። «ሂግልዲ ፒግልዲ» ዝብርቅርቅ ማለት ነው፤ «ዊሊ ኒሊ» ደግሞ ተወደደም ተጠላም እንደማለት ያለ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን በእነዚህ ለመሳቅ ባይቸኩል ይሻለዋል፤ የራሱ ቤት በግሳንግስ፣ በዝባዝንኬና በቅራቅንቦ የተሞላ ነውና። ልዩነቱ የአሠራር ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ከመንትያው ጎን ያቆምና የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ይለውጣል፤ አማርኛ በብዛት የሚያደርገው ከግሡ ሥር ያሉትን ተነባቢዎች እዚያው ውስጥ መድገም ነው፤ ቆረጠ ካለው ቁርጥርጥ፣ በጠሰ ካለው ብጥስጥስ ያወጣል። «እንቶ ፈንቶ» ብቻ፣ ምን እንዳጋጠማት እንጃ፣ የእንግሊዝኛውን መንገድ ይዛ ትሄዳለች።

ለእንቶ ፈንቶ በትርጉም የሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቃል «ጎብልዲጉክ» ሲሆን በተለይ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የሚታየውን፣ ቃሉ ብዙ ፍሬው ጥቂት የሆነ አጻጻፍ ይመለከታል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1944 የፈጠረው ሞሪ ማቨሪክ የተባለ የቴክሳስ ፖለቲከኛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአንድ የመንግሥት ተቋም ኃላፊ ሳለ በሚደርሱት የተወሳሰቡ ጽሑፎች ተማርሮ ሠራተኞቹ እንዲህ እንዳይጽፉ አዘዘ፤ ስሙንም ያወጣው ተርኪ የምትባለው ትልቅ ዶሮ ተንጠራርታ ከምታሰማው ድምፅ እንደሆነ ተናግሯል። የሰውዬው አያት ሳሙኤል ማቨሪክም በቴክሳስ ከብቶቹን በጋለ ብረት ሳያስተኩስ ይለቅቅ ስለነበር «ማቨሪክ» መጀመሪያ ምልክት የሌለው ከብት፣ ኋላም ከመንጋው ተለይቶ በራሱ መንገድ የሚሄድ ሰው መጠሪያ ሆኗል። አንድ ቤተሰብ ለቋንቋው ሁለት ቃል ሲያወርስ እምብዛም አይታይም። ማመልከቻ አስገብቶ ምላሹን ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ተፈቀደልኝ ወይስ ተከለከልኩ ብሎ ጎረቤት የጠየቀ ሰው ጎብልዲጉክ ምን ማለት እንደሆነ ትርጉም አያስፈልገውም፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው።

ሌላው ትልቅ ምንጭ ግሪክኛ ነው። «ቦርቦሪግመስ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ቀልድ ነው የማይል የለም፤ ነገር ግን አየርና ፈሳሽ በአንጀት ውስጥ ሲንቀሳቀሱ የሚሰማው ጩኸት የሕክምና ስሙ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውህደት በተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚማር ሰው ሆድን በማዳመጫ ሲመረምር ይህንኑ ድምፅ ይሰማል፤ ታካሚው ግን «ሆዴ ይጮሃል» ብሎ ጉዳዩን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። ግሪኮቹም ቃሉን ያወጡት ከድምፁ እንጂ ከሌላ አይደለም፤ ረጋ ተብሎ ሲነገር የተራበ ሆድ ይሰማበታል።

ከግሪክኛ ሥር ከተሠሩት ሁሉ ለጅማ የሚስማማው «ፔትሪኮር» ነው። ከበጋው ደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ቀዩን አፈር ሲመታው ቡና ከበው የተቀመጡት ሰዎች ጀበናው እስኪወርድ ሳይጠብቁ ወደ በሩ ዞር ይላሉ፤ አንዷ አየሩን ሳብ አድርጋ «አፈሩ ሸተተ» ትላለች። ያ ሽታ ነው ፔትሪኮር። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1964 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው። «ፔትራ» በግሪክኛ ድንጋይ ሲሆን «ኢኮር» ደግሞ በግሪኮች አፈ ታሪክ በአማልክት ደም ሥር ውስጥ የሚፈሰው ፈሳሽ ነው። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት በድርቅ ወቅት ከዕፅዋት የሚወጡ ቅባቶች በአፈርና በድንጋይ ላይ ይጠራቀሙና እርጥበት ሲያገኙ ወደ አየር ይለቀቃሉ፤ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የተባለ ውሕድም አፈር አፈር የሚለውን ጠረን ይጨምርበታል። ቃሉ ስድሳ ዓመት ገደማ ብቻ ዕድሜ ያለው መሆኑ ያስደንቃል፤ ሽታውን የሰው ልጅ ሁሉ ሲያውቀው ኖሯልና።

እጅግ ጠባብ ነገር የሚሰይሙትም አሉ። ሰውን በመስኮት መወርወር «ዲፌኔስትሬሽን» ይባላል፤ ቃሉ በተለይ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1618 በፕራግ ሦስት ባለሥልጣናት ከቤተ መንግሥት መስኮት ተወርውረው በሕይወት የተረፉበትንና ለሠላሳ ዓመቱ ጦርነት መነሻ የሆነውን ድርጊት ነው። በጫማ ማሰሪያ ጫፍ ላይ ያለችው ጠንካራ ነገር «አግሌት» ናት። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሊስትሮ ፊት እግሩን የዘረጋ ሰው ማሰሪያው ተተርትሮ ቀዳዳ አልገባ ሲለው «ያቺ ፕላስቲኳ ወልቃ ነው» ይላል እንጂ ስም አይጠራላትም፤ ሊስትሮውም ክሩን በምራቁ አርሶ፣ በጣቱ አሹሎ ያስገባለታል። ባለ አርባ አምስት ፊደሉ የሳንባ በሽታ ስም «ኒውሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ» ግን እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋ የሆነው ረጅም ቃል ለማግኘት ሲባል ብቻ ስለሆነ ከዚህ በላይ ቦታ አይገባውም።

ሆን ተብለው የተፈጠሩት ሁሉ እንዲህ ከንቱ አይደሉም። «ሴሬንዲፒቲ» ሌላ ነገር ሲፈልጉ መልካም ነገር ማግኘት ማለት ሲሆን እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1754 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ከሦስት የሰረንዲብ ልዑላን ተረት ወስዶ የሠራው ነው፤ ሰረንዲብ የስሪላንካ ጥንታዊ ስም ነው። ለጅማ ሰው ቃሉን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ የሚተረከው፣ ፍየሎቹ ሲቦርቁ አይቶ ቡናን ያገኘው እረኛ ታሪክ፣ ተረትም ቢሆን ሴሬንዲፒቲ ነው። «ጉጎል» ደግሞ ከአንድ ቁጥር በኋላ መቶ ዜሮ ያለው ቁጥር ሲሆን ስሙን ያወጣው የሒሳብ ሊቁ የኤድዋርድ ካስነር የእኅት ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ሚልተን ሲሮታ ነው፤ በየስልኩ ላይ ያለው ጉግልም ስሙን ከዚሁ አገኘ።

አንዳንዱ እንግዳ ቃል ሲመረመር የሩቅ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። «ሲቬት» የእንግሊዝኛ የጥርኝ ስም ሲሆን ከዐረብኛው «ዘባድ» በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፤ የእኛው ዝባድም ከዚያው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የጅማ መንግሥትን ጨምሮ የጊቤ መንግሥታት ወደ ውጭ ከሚልኩት ውድ ሸቀጥ አንዱ ዝባድ ነበር፤ ጥርኙን በቀፎ አሥረው እየመገቡ ከዕጢው የሚያመነጨውን ቅባት ይፍቁና በከብት ቀንድ ውስጥ ሞልተው ለነጋዴ ይሸጡት ነበር። ዝምድና የሚመስል ወጥመድም አለ። «ኒገስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ያነበበ ኢትዮጵያዊ «ይህማ የእኛ ንጉሥ ነው» ይላል፤ በዚያ ትርጉሙም በእርግጥ ከአማርኛ የተወሰደ ነው። ነገር ግን በዚሁ ፊደል የሚጻፍ ሌላ ኒገስ አለ፤ እርሱ ወይን፣ ሙቅ ውሃ፣ ስኳርና ሎሚ ተደባልቆ የሚጠጣ መጠጥ ሲሆን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1732 ከሞተው ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ነው። አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ እንግዶች ትኩስ ኒገስ ሲቀዳላቸው ያነበበ የጅማ ተማሪ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

የነገሩ ተቃራኒ ደግሞ እውነተኛ የሚመስል ሐሰተኛ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው የዌብስተር ትልቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ላይ «ዶርድ» የሚል ቃል፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ እፍጋት ማለት ነው ተብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። «ዲ» የተባለችው ፊደል ትልቅ ሆናም ትንሽ ሆናም የእፍጋት ምሕጻር ናት ለማለት በካርድ ላይ «ዲ ኦር ዲ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ «ወይም» ማለት የሆነው «ኦር» ከግራና ከቀኙ ፊደላት ጋር ተጣበቀና ቃል ሆኖ ተነበበ። ስሕተቱ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ አርታዒ ቃሉ የዘር ሐረግ እንደሌለው ሲያስተውል ሲሆን ከገጹ የተሰረዘው በ1947 ነው።

ቡና እየተጠጣ ለሚደረገው የቃል ጨዋታ ከዶርድ የተሻለ ማጥመጃ የለም። በወረቀት ላይ ቦርቦሪግመስ፣ ኒገስና ዶርድ ይጻፋሉ፤ ሐሰተኛውን ያልለየ የሁሉንም ሂሳብ ይከፍላል። ተጫዋቹ በብዛት ቦርቦሪግመስን ሰርዞ፣ አጭርና ጨዋ የሚመስለውን ዶርድን ያልፈዋል፤ ተሸንፈሃል ሲባልም «መዝገበ ቃላት ላይ ወጥቶ የለም እንዴ?» ብሎ ይሟገታል፤ አስራ ሦስት ዓመት መውጣቱ እርግጥ ስለሆነ ክርክሩ ሦስተኛው ቡና ቀርቦም አያልቅም።