የፒቲኦ ጉልበት ምንድን ነው? ትራክተር የሚመረጠው ከኋላው ነው

ትንሽ ትራክተር ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮፈኑ ላይ ነው። እዚያ ቁጥር ተጽፏል። 25 ሊሆን ይችላል፣ 35 ወይም 47። ገዢው ቁጥሩን ያያል፣ አጠገቡ ያለውን ትራክተር ቁጥርም ያያል፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቆ በሆዱ ያሰላል። ሻጩም አይከለክለውም። አንዳንዴማ ያ ቁጥር የሞዴሉ መጠሪያ እንጂ የፈረስ ጉልበት ልክ ጭራሽ አይደለም።

የጉልበት ልክ ቢሆንም እንኳ ሳር የሚያጭደው እሱ አይደለም። አፈር የሚፈጨውም እሱ አይደለም። ወደ ኋላ ዙሩና ጎንበስ በሉ። በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች መሃል ጥርስ ያለው አጭር የብረት ዘንግ ብቅ ብሎ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ቆብ ያጠልቃል። ፒቲኦ የሚባለው እሱ ነው። እዚያ ዘንግ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው። በመግለጫው ወረቀት ላይ ከዋናው ቁጥር ብዙ መስመር ወረድ ብሎ፣ በደቃቅ ጽሑፍ ታገኙታላችሁ። ትራክተር ስትመርጡ መነሻችሁ ያ ቁጥር ይሁን ባይ ነኝ።

ፒቲኦ የእንግሊዝኛ ቃላት ምኅጻረ ቃል ነው፤ «ጉልበት መውሰጃ» እንደ ማለት። ሞተሩ ጎማ ከማዞር ሌላ ከኋላ የተገጠመውን መሣሪያም እንዲያዞር የተዘጋጀለት መውጫ ነው። የግድግዳ ሶኬት አስቡ። ሶኬቱ ራሱ ምንም አይሠራም፤ የሚሠራው የተሰካበት ነገር ነው። ዛሬ ሳር ማጨጃ፣ ነገ አፈር መፍጫ፣ ከነገ ወዲያ ቅርንጫፍ መክተፊያ ትሰካላችሁ። የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተርም ይሰካበታል። በዘንጉና በመሣሪያው መካከል የሚተጣጠፍ፣ የሚረዝምና የሚያጥር፣ ካርዳን የሚባል ማገናኛ ብረት ይገባል።

ከዚህ በፊት እንዴት ይሠራ ነበር? በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ ጉልበቱን የሚያገኘው ከራሱ ጎማ ነበር። ጎማው መሬት ላይ ሲንከባለል ቢላውን ያንቀሳቅሰዋል። መሬቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ጭቃ ሲሆን ግን ጎማው ይንሸራተታል፣ ቢላውም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1918 ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቲኦ ያለው ትራክተር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ቢላው ጭቃውን መጠየቅ ቀረ፤ ጉልበቱ በቀጥታ ከሞተሩ መጣለት።

ሁሉም ፋብሪካ ዘንጉን በፈለገው ፍጥነት ቢያዞር ኖሮ የአንዱ ማጨጃ ለሌላው ትራክተር አይሆንም ነበር። ስለዚህ ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር እንዲሆን ተስማሙ። የዘንጉ ውፍረት 35 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሶቹም 6 ሆኑ። ዛሬም ትንንሽ ትራክተሮች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። በደቂቃ 1000 የሚዞር ዘንግም አለ፤ ግን ቤቱ ትልልቆቹ ትራክተሮች ዘንድ ነው። የዚያኛው ጥርስ ብዙ ጊዜ 20 ወይም 21 ስለሆነ ተሳስቶ መግጠም ያስቸግራል። የ540ውን ማጨጃ በ1000 ማዞር ምን እንደሚያስከትል ላሰበ ሰው፣ ይህ ደስ የሚል ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሞተሩ ራሱ የሚያወጣው ነው። ከሞተሩ እስከ ዘንጉ ድረስ ግን መንገድ ላይ ተካፋይ ብዙ ነው። ማቀዝቀዣው የድርሻውን ይወስዳል፣ ዲናሞው ይወስዳል፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ይወስዳል፣ ካምቢዮው ውስጥ ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ ሌላ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ዘንጉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ኮፈኑ 35 የሚል ትራክተር ማርሹ በእጅ የሚገባ ከሆነ ዘንጉ ላይ 30 ገደማ ይሰጣችኋል። ሃይድሮስታቲክ ከሆነ፣ ማለትም በፔዳል ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ፣ ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል። ምክንያቱም ጎማውን የሚያዞረው ጉልበት በዘይት ግፊት ነው የሚያልፈው፤ ዘይቱ ደግሞ እየሞቀ ጉልበት ይበላል።

ሦስተኛ ቁጥርም አለ። ትራክተሩ አንድ ነገር ሲጎትት መጎተቻው ላይ የሚገኘው ጉልበት ነው። ይህ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ጎማ ለስላሳ አፈር ላይ ስለሚንሸራተትና ስለሚሰምጥ። አንድ ትራክተር፣ አንድ ሞተር፣ ሦስት ቁጥር። ሻጭ የትኛውን እንደሚጠራ መገመት አያቅትም።

ይህ ነገር ያናደደው ሰው የዛሬ መቶ ዓመትም ነበር። ዊልሞት ክሮዚየር ይባላል፤ በአሜሪካ የነብራስካ ገበሬና የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል። የገዛው ትራክተር እንደተወራለት አልሠራለትም። ገበሬው ተናዶ አልቀረም፤ ሕግ አስወጣ። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የነብራስካ ሕግ በግዛቲቱ የሚሸጥ ትራክተር በዩኒቨርሲቲው ተፈትኖ፣ አምራቹ ያወራለት ጉልበት በእርግጥ እንዳለው እንዲረጋገጥ አዘዘ። ፈተናው በ1920 ተጀመረ። የመጀመሪያው ተፈታኝ ዋተርሉ ቦይ የሚባል ትራክተር ነበር። ያ ፈተና ጣቢያ ሊንከን ከተማ ውስጥ እስካሁን ይሠራል። የሚያወጣው ሪፖርት የሞተሩን ጉልበት ሳይሆን የፒቲኦውንና የመጎተቻውን ነው የሚናገረው። ብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ግን በዚህ ፈተና አያልፉም። ስለዚህ ለእነሱ የመግለጫውን ወረቀት ራሳችሁ ማንበብ አለባችሁ።

ስናነብ የሚገጥመን ሌላ ነገር የፈረስ ጉልበት ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። የአውሮፓው የሜትሪክ ፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ማንሳት ነው፤ በዋት 735 ገደማ ይሆናል። የእንግሊዙ 746 ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ተኩል በመቶ እንኳ ስለማይሞላ እንቅልፍ አይነሳም። ወረቀቱ በኪሎ ዋት ከተጻፈ በ1.34 አባዙት፣ በቃ።

እንግዲህ ቁጥሩን ይዘን ምን እናድርግ? ከሥራው ተነሱ። የምትገጥሙት መሣሪያ ምን ያህል የፒቲኦ ጉልበት እንደሚፈልግ ራሱ መግለጫው ላይ ተጽፏል። ለቁጥቋጦና ለረጅም ሳር የሚሆነውን ከባድ ማጨጃ በተመለከተ የታወቀ ግምት አለ፦ ለያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት 5 የፒቲኦ ፈረስ ጉልበት። 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጨጃ ካሰባችሁ 25 ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ኮፈኑ ላይ 25 የተጻፈበት ትራክተር ዘንጉ ላይ 20 ወይም 21 ቢሰጥ ነው። ሳሩ አጭርና ደረቅ ከሆነ ይወጣዋል። ሳሩ እርጥብና ወገብ የሚደርስ ከሆነ ግን ሞተሩ ያጓራል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቢላው ሳሩን ከመቁረጥ ይልቅ ማስተኛት ይጀምራል። ያኔ መፍትሔው በቀስታ መንዳት ነው፤ ወይም 120 ሳንቲ ሜትር ማጨጃ መግዛት ነበር።

በተቃራኒው በጣም ጠባብ መሣሪያም ያናድዳል። አፈር መፍጫ ቢያንስ የኋላ ጎማዎቹን ስፋት መሸፈን አለበት፤ አለዚያ የፈጫችሁትን አፈር በራሳችሁ ጎማ መልሳችሁ ትጠቀጥቃላችሁ። ስለዚህ የትራክተሩ ስፋት የመሣሪያውን ስፋት ይወስናል፣ የመሣሪያው ስፋት ደግሞ ጉልበቱን። ሰንሰለቱ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው።

በአሜሪካ ገበያ ለሞተራቸው 24 ከምናምን ፈረስ ጉልበት የሚሰጣቸው ትራክተሮች የሚበዙት ለምን ይመስላችኋል? ገበሬው 24 ስለወደደ አይደለም። የአገሪቱ የጭስ ሕግ ከ19 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ25 ፈረስ ጉልበት ግድም ጀምሮ በናፍጣ ሞተር ላይ ጥብቅ ይሆናል። ከዚያ መስመር በላይ የሆነ ሞተር ብዙ ጊዜ የጥላሸት ማጣሪያ ይገጠምለታል። ማጣሪያው በየጊዜው በሙቀት ራሱን ማጽዳት አለበት፤ የጥገና ወጪውም ቀላል አይደለም። ከመስመሩ በታች ያለው ሞተር ቀለል ይላል። ሥራችሁ በ18 የፒቲኦ ጉልበት የሚያልቅ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ከመስመሩ አልሻገርም።

ጉልበቱ ዘንጉ ጋ ምን ያህል እንደሚደርስ አየን። እንዴት እንደሚደርስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሮጌ ትራክተር ለሚገዛ ሰው እንዲያውም ዋናው ጉዳይ። በድሮዎቹ ላይ አንድ ፍሪሲዮን ጎማውንም ዘንጉንም ይይዛል። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ትራክተሩም ማጨጃውም አብረው ከሞተሩ ይለያሉ። ሳሩ ሲከብድ ቆም ብላችሁ ማጨጃው እንዲቆርጥ መጠበቅ አትችሉም። ከዚህ የባሰም አለ። ከባዱ የማጨጃ ቢላ አንዴ ከዞረ ቶሎ አይቆምም። እየዞረ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው ጎማውን። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ቆምኩ ስትሉ ትራክተሩ ወደ ፊት ይገፋችኋል፤ ከፊት አጥር ካለ በአጥሩ ውስጥ። ለዚህ ተብሎ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መለያ ይሸጣል። ርካሽ ነገር ነው፤ አሮጌ ትራክተር ካላችሁ ያለሱ ማጨጃ አትግጠሙ።

ከዚያ ሁለት ደረጃ ያለው ፍሪሲዮን መጣ። ግማሽ ስትረግጡ ጎማው ይቆማል፣ እስከ ታች ስትረግጡ ዘንጉም ይቆማል። በዛሬዎቹ ብዙዎች ላይ ግን ዘንጉ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ትራክተሩ ቢቆምም ቢሄድም ከዘንጉ ጋር አይነካካም። አዲስ ከሆነ የምትገዙት ይህኛውን ነው መፈለግ ያለባችሁ።

540 ዙር የሚገኘው ሞተሩ በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ከ2000 ዙር በላይ ነው፤ የዙር መቁጠሪያው ላይ ምልክት ይደረግበታል። ጄኔሬተር ለማዞር የሚያስብ ሰው ይህን ችላ ካለ የመብራቱ ድግግሞሽ ይዛባል፣ የቤት ዕቃ ይቃጠላል። አንዳንድ ትራክተሮች በዝቅተኛ የሞተር ፍጥነት 540ን የሚሰጥ ቁጠባ ማርሽ አላቸው። ለቀላል ሥራ ናፍጣም ጆሮም ያተርፋል።

ፒቲኦ የማይመለከተው ሥራም አለ። በፊት አካፋ አፈር ማንሳት፣ ግንድ መጎተት፣ ተሳቢ መሳብ። ቀናችሁ በእነዚህ የሚያልፍ ከሆነ የዘንጉን ቁጥር ተዉትና የትራክተሩን ክብደትና የሃይድሮሊኩን የማንሳት አቅም ጠይቁ። ጉልበታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ትራክተሮች በክብደት በመቶዎች ኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ። ቀላሉ ትራክተር ፊቱ ላይ አፈር ሞልቶ ሲያነሳ ኋላው ይንሳፈፋል፤ ኋላ ላይ ክብደት ካልተጫነ መሪም ፍሬንም አይታመንም።

ስለ አደጋው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ካርዳን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። የሸሚዝ እጅጌ ከያዘ ማጥፊያው ጋ የምትደርሱበት ጊዜ የለም። ካርዳኑ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ለጌጥ አይደለም፤ የተሰበረ ከሆነ ተቀይሮ ነው ሥራ የሚጀመረው። ከመቀመጫ ስትወርዱ ዘንጉን አጥፉ፣ ሞተሩንም አጥፉ። ከጀርባ የቆመው የመገልበጫ መከላከያ ብረት ደግሞ የሚያድነው ቀበቶ ላሰረ ሰው ነው።

አገልግሎት የሰጠ ትራክተር ልታዩ ከሄዳችሁ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የዘንጉን ቆብ አውልቁ። ጥርሶቹ ጠርዛቸው ስል ወይም የተጣመመ ከሆነ ብዙ ደክሟል ማለት ነው። ዙሪያውን በጣት ዳብሱት፤ አዲስ የፈሰሰ ዘይት ካለ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ራቅ ብላችሁ ዘንጉን እንዲያስገባ ለባለቤቱ ንገሩት። ሳይንገጫገጭ ከዞረ፣ ሲያጠፋውም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከቆመ ደህና ነው። ማጨጃ ካለው ገጥሞ ረጅም ሳር ውስጥ እንዲነዳው ጠይቁት፤ እንቢ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።