ፓምፑን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ስለ አሮጌ መኪና ፓወር ስቲሪንግ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ለአራት ወር ያህል ከኋላ ኮፈን ውስጥ አንድ ሊትር ቀይ ዘይት ይዤ ነበር የምዞረው። የኮሮላዬ የመሪ ዘይት በየሁለት ሳምንቱ ይጎድላል፤ እኔም እሞላለሁ። ስሯ ጎንበስ ብዬ ባይ ጠብታ የለም። ጠዋት ስትነሳ ግን ነጭ ጭስ ሰፈሩን ታጥናለች፤ ጎረቤቴ መስኮት ይዘጋል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ወንድሜ፣ የፒስተኑ ፋሻ ጨርሷል። ሞተሩ መውረድ አለበት» አሉኝ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ «የመሪው ፓምፕ ሞቷል» አለኝ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጥፋተኛዋ አውራ ጣት የማታህል ቫልቭ ነበረች። እሷን ወደ ታች እመጣባታለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ። ሞተሩ በቺንጋ፣ ማለትም በላስቲክ ቀበቶ፣ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ዘይቱን በወፍራም ቱቦ ወደ ስቲሪንግ ቦክሱ ይገፋል። መሪ ስትጠመዝዙ ቦክሱ ውስጥ ያለ ቫልቭ ዘይቱን ወደ አንድ ወገን ይልከዋል፤ ዘይቱም ጎማውን በማዞር ያግዛችኋል። ከዚያ በመመለሻ ቱቦ ወደ ዘይት መያዣው ይመለሳል። በቃ ይሄው ነው። ግፊቱ ግን ቀላል አይምሰላችሁ። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው 2 ባር ገደማ ነው። ይሄ መስመር መሪው ተጠምዝዞ ሲያልቅ ከ60 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል።

«መሪ ከበደ ማለት ፓምፑ ሞተ ማለት ነው»

ብር የሚያስወጣው ስህተት ይሄ ነው። ሰው መሪው ሲከብድበት ቀጥታ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ፓምፕ ይገዛል። ያስገጥማል። መሪው እንደከበደ ነው።

ፓምፕ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ንፋስ አስለኩ። የጎደለ ጎማ መሪ ያከብዳል፤ ጎሚስታ ቤት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጎማው ደህና ከሆነ ክሪክ አውጡ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ የኋላ ጎማው ላይ ድንጋይ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከመሬት አንሱ። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትተዉአት፤ ጠንካራ ማቆሚያ ከስር አስገቡ። አሁን ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። ዘይት ስለሚገፋ ትንሽ መጎተቱ ጤነኛ ነው። ጎማው አየር ላይ ሆኖም እጃችሁን የሚታገል፣ የሚይዝ የሚለቅ ከሆነ ግን ችግሩ ከዘይትም ከፓምፕም አይደለም። ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) ደርቋል፣ ወይም የአሞርዛተሩ የላይኛው ኩሽኔታ (የሚዞርበት ቤሪንግ) ተበልቷል፣ ወይም የመሪው ዘንግ ክሮቼራ (የሚተጣጠፍበት መገጣጠሚያ) ዝጓል። ይሄን ሁሉ አዲስ ፓምፕ አያድነውም።

አየር ላይ ቀሎ፣ መሬት ላይ ሞተር ተነስቶም ከከበደ፣ አዎ፣ ያኔ ወደ ሀይድሮሊኩ እንሄዳለን። እዚያም ቢሆን ተራው የቺንጋው ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋው በሚዞርባቸው ሁለት ፑሊዎች መሀል በአውራ ጣት ጫኑት። 1 ሳንቲሜትር ገደማ ቢሰጥ ነው ደጉ። ከዚያ በላይ ከተወዛወዘ ወይም ጎኑ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ይንሸራተታል። ክረምት ላይ ኩሬ ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ መሪው ድንገት ከብዶ «ጪ...» የሚለው እሱ ነው። ውሃ የነካው ልቅ ቺንጋ።

መቼ እንደሚከብድም ብዙ ይናገራል። ወደ ግራ ቀሎ ወደ ቀኝ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ፓምፑን ተዉት፤ ፓምፕ ግራና ቀኝ አያውቅም። ግራና ቀኙን የሚለየው ቦክሱ ነው። ጠዋት ከብዶ ሲሞቅ የሚቀል ከሆነ ብዙ ጊዜ የቦክሱ የውስጥ ዘይት ማገጃ ጎማዎች አልቀዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት ዝም ብሎ ሲዞር) ከብዶ፣ ነዳጅ ስትሰጡት የሚቀል ከሆነ ግን፣ ቺንጋው ደህና እስከሆነ ድረስ፣ እሺ፣ አሁን ፓምፑን ጠርጥሩ።

«የመሪ ዘይት በአገልግሎት ያልቃል፤ መሙላት ብቻ ነው»

አያልቅም። መስመሩ ዝግ ነው። ዘይቱ ከጎደለ የሆነ ቦታ ሄዷል። የቱ ጋ እንደሄደ ካላያችሁ ገና አላያችሁም ማለት ነው።

ካርቶን ከስር አንጥፋችሁ አሳድሯት። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ መመለሻ ቱቦው የታሰረበትን እዩ፤ ጎማው ደርቆ የሚያልበው እዚያ ነው። ማሰሪያውን መቀየር ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ወፍራሙ ቱቦ ከብረቱ ጋር የተጨመቀበት ቦታ ከራሰ ግን በማሰሪያ አታጭበርብሩት። ያ ግፊት ማሰሪያ አያከብርም። የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ዘይት ሲረጭም እሳት ይነሳል። ቱቦው ይቀየራል፣ ወይም የሀይድሮሊክ ቱቦ የሚጨምቁ ሱቆች ዘንድ ይሠራል። ከፓምፑ ፑሊ ጀርባ ከራሰ ፓራኦሊዮው (ዘይት ማገጃው ላስቲክ) ነው። ስቲሪንግ ቦክሱ ጫፍና ጫፍ ላይ አኮርዲዮን የመሰሉ ላስቲኮች አሉ፤ ጨመቅ አድርጓቸው። ውስጣቸው ዘይት ከተንቦጫረቀ የቦክሱ ፓራኦሊዮዎች አልቀዋል።

ይሄ ሁሉ ደርቆ ዘይቱ ግን እየጎደለ ከሆነ የኔ ቫልቭ ጋ ደረስን።

በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 90ዎቹ የተሠሩ ብዙ የጃፓን መኪኖች ፓምፓቸው ላይ ሁለት ቀጫጭን የአየር ቱቦ የተሰካባት ትንሽ ቫልቭ አላቸው። ሥራዋ ቀላል ነው። መኪና ስታቆሙ መሪ ሲጠመዘዝ ፓምፑ ሞተሩን ይጫነዋል፤ በሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር ሊጠፋ ይችላል። ቫልቯ ትንሽ አየር ትጨምርለትና ሚኒሞውን ከፍ ታደርጋለች። ስታረጅ ግን በውስጧ ዘይት ታሳልፋለች። የሞተሩ መሳብ ደግሞ ያንን ዘይት በቀጭኑ ቱቦ ይጠጣዋል፤ ያቃጥለዋል። ውጭ ጠብታ የለም። ጭስ አለ። መካኒኩ ጭሱን አይቶ ሞተር ያወርዳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው ነገሩ የገባኝ። አንዱን ቀጭን ቱቦ ከፓምፑ ነቅዬ ወደ ታች አዘነበልኩት። አየር ብቻ መሆን ከነበረበት ቱቦ ውስጥ ቀይ ጠብታ መዳፌ ላይ ወደቀች። ሁለቱን ቱቦዎች በብሎን ወትፌ ነዳኋት። ቱቦው ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጥቂት ቀን ትንሽ ጨሰች፤ ከዚያ ቆመ። ቫልቯን ከተፈታ ፓምፕ ላይ አግኝቼ እስክቀይራት ድረስ ፓርክ ሳደርጋት ሚኒሞዋ ትንሽ ይወርድ ነበር። እሱን እችላለሁ። ሞተር ከማውረድ ይሻላል።

«ዘይት ዘይት ነው፤ የተገኘውን ጨምር»

በፍጹም። በተለይ የፍሬን ዘይት። የመሪው መስመር ጎማዎች ለማዕድን ዘይት የተሠሩ ናቸው። የፍሬን ዘይት ሌላ ኬሚካል ነው፤ ጎማዎቹን ያሳብጣቸውና ያበላሻቸዋል። ተገላቢጦሹም ያው ነው፤ የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ የፍሬኑን ጎማዎች ይጨርሳል፤ እሱ ደግሞ ነፍስ ነው። በስህተት ጨምራችሁ ከሆነ ሞተር ሳታስነሱ በትልቅ ሲሪንጅ ምጠጡት።

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የሚጠይቁት ዴክስሮን የሚባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ሆንዳ የራሱን ይፈልጋል። ጤነኛው ዴክስሮን ቀይ ነው። እንደ ጀበና አተላ ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ይቀየር። ማፍሰስ ያቆማል የሚባለው የጠርሙስ መድኃኒት ደግሞ ላስቲክ የሚያሳብጥ ነው። ትንሽ የሚያልብ ፓራኦሊዮን ለጊዜው ያግዝ ይሆናል፤ የተቀደደ ቱቦን አይሰፋም።

«ከጮኸ ፓምፑ ሊሞት ነው»

የትኛው ጩኸት? መሪው ተጠምዝዞ ሲያልቅ «ሽሽሽ» ካለ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ነው የሚሰማው። እዚያ ላይ ግን ከጥቂት ሰከንድ በላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ዘይቱ ይግላል። ሲዞር ሁሉ የሚያላዝን ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። ክዳኑን ስትከፍቱ አረፋ ካያችሁ ነገሩ አለቀ። መያዣው ውስጥ ያለች ወንፊት ስትደፈንም እንዲሁ ያላዝናል፤ ያጠቧት ጥቂቶች ናቸው።

አየር ለማስወጣት የፊት ጎማዎችን አንሱ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሱ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ አዙሩ። አረፋው ብቅ ብቅ ይላል፤ ዘይቱ ዝቅ ሲል ሙሉ። አረፋው ሲያቆም ነው ሞተር የሚነሳው። ቸኩላችሁ ቀድማችሁ ካስነሳችሁ ፓምፑ አየሩን ከዘይቱ ጋር ይመታዋል። ያኔ ቡና ጠጥታችሁ እስክትመለሱ መጠበቅ ነው።

«ሀይድሮሊኩ ከተበላሸ መሪው ይቆለፋል»

አይቆለፍም። መሪውና ጎማው በብረት የተያያዙ ናቸው፤ የሚጠፋው እገዛው ነው። ፓወር ስቲሪንግ ለሽያጭ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የታየው በፈረንጆቹ 1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው በክንዱ ይነዳ ነበር። የኛዎቹ ቮልሶችም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ እሱ ነው የዞሩት። እርግጥ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው። ሀይድሮሊክ ያለው መኪና እገዛው ሲጠፋ ከቮልስ በጣም ይከብዳል። ድንጋጤው ነው አደጋው፤ መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ዳር ውጡ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ የሙቀት መለኪያውን እዩ፤ በአንዳንድ መኪና የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው።

«ፓምፑን ነቅሎ እንደ ድሮው መንዳት ይቻላል» የሚሉም አሉ። ይቻላል፤ ግን ቦክሱ ለሀይድሮሊክ ስለተሠራ የድሮውን ያህል አይቀልም። በየዙሩ ውስጡ ያለውን ዘይትም በክንዳችሁ ትገፋላችሁ።

«መኪና ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ሀይድሮሊኩ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አላይመንት ወይም ጎማ ነው። የፊት ጎማዎቹን ግራ ቀኝ አቀያይሩና ሞክሩ። መጎተቱ አብሮ ከዞረ ጎማው ነው። ቴስቲናው ልቅ ከሆነ ግን አላይመንት አታስደርጉ፤ ነገ ይበላሻል። መጀመሪያ ቴስቲና።

«የቪትዜን የመሪ ዘይት ቀይርልኝ»

ይሄን ጎረቤቴ ነው የጠየቀኝ፤ ያ መስኮት የሚዘጋው። መሪው ከብዶበት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የመሪ መብራት በርቶበት መጣ። ኮፈኑን ከፍተን ለማስረዳት ተቸገርኩ፤ የሚቀየር ዘይት የለም። ቪትዝ መሪው የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሱዙኪ በፈረንጆቹ 1988 ሰርቮ በምትባል መኪናው ላይ የጀመረው ዓይነት ነው። ፓምፕ የለ፣ ቺንጋ የለ፣ ቱቦ የለ። እንዲህ ያለው መሪ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ መጀመሪያ የሚታየው ባትሪ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነካ አደረግኩት፤ በእጄ ዞረ። በ10 ቁልፍ አጠበቅነው። አጥፍቶ አስነሳት፤ መብራቱ የለም።

«ስንት ልክፈልህ?» አለኝ።

«መስኮትህን ክፈት» አልኩት።