ከሁሉ በላይ የዘለለው ለምን ኋላ ይመረጣል?

የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት፣ በደረሰ ቁጥር ከምርጫው በፊት ስለሚደረገው የአካል ብቃት ፈተና ያው ጥያቄ ይነሳል፤ «በፈተናው አንደኛ የዘለለው ልጅ እንዴት ኋላ ቀረ?»

የፈተናው ውጤት የምርጫ ደረጃ አይደለም። ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ ዝላይና ፍጥነት ይለካሉ። ጨዋታ የማንበብ ችሎታ ግን በሜትር አይለካም። ዝላዩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከቆሙበት፣ ሌላው ተንደርድሮ። የአንዱን የቆመ ዝላይ ከሌላው የተንደረደረ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ኋላ ከሊጉ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነውን ኬቨን ዱራንትን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2007 በፈተናው ላይ ጀርባው ላይ ተኝቶ 84 ኪሎ ገደማ ክብደት አንዴም መግፋት አቃተው። የሲያትል ቡድን ግን በ2ኛነት ወሰደው። ደግ አደረገ!

የቡድን ፍላጎት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፖርትላንድ ክላይድ ድሬክስለርን ይዞ ስለነበር የጎደለው ረጅም ተጫዋች ነበር። በ2ኛነት ረጅሙን ሳም ቦዊን መረጠ። በድሬክስለር ቦታ የሚጫወተው ማይክል ጆርዳን በ3ኛነት ለቺካጎ ተረፈ።

እንግዲህ እርግጡ ነገር፣ ማንም ቡድን በፈተና ውጤት የመምረጥ ግዴታ የለበትም። ለችሎታ ይቅደም ወይስ ለጎደለው ቦታ የሚለው ግን ከቡድን ቡድን ይለያያል። እኔ ብሆን በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ችሎታን፣ ወደ ታች ስወርድ ክፍተቴን አስቀድማለሁ።