ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ፦ ሕይወቷና የፊልም ሥራዋ

ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ (1916–2020) ሆሊውድ በጥቂት ትልልቅ ስቱዲዮዎች እጅ በነበረበት ዘመን ከወጡት ስመ ጥር ተዋንያት አንዷ ናት። የምርጥ ተዋናይት ኦስካርን ሁለት ጊዜ ብትወስድም፣ አብዛኛው ተመልካች የሚያስታውሳት ሽልማት ባላስገኘላት ሚና፣ ማለትም በ1939 በወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ውስጥ ሜላኒን ሆና በመጫወቷ ነው። የአማርኛ አንባቢም ሜላኒን አሳምሮ ያውቃታል፤ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ፊልሙ የተሠራበት ልብ ወለድ ነውና። ከሜላኒ ገርነት ተነሥቶ የተዋናይቷን ጠባይ የሚገምት ሰው ግን ብዙ ይስታል። ኦሊቪያ ቀጣሪዋን ከስሳ የረታች፣ የካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ አንድ አንቀጽ እስከ ዛሬ በስሟ የሚጠራላት ሴት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደችው ጁላይ 1 ቀን 1916 በቶኪዮ፣ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ነው። አባቷ ዋልተር በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተማረና በኋላም በፓተንት ጠበቃነት የሠራ ሰው ሲሆን፣ እናቷ ሊሊያን የመድረክ ተዋናይት ነበረች። በ1919 እናትየው ኦሊቪያንና የአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ታናሿን ጆአንን ይዛ ካሊፎርኒያ ገባች፤ አባትየው ወደ ጃፓን ሲመለስ እነርሱ ሳራቶጋ በምትባል ትንሽ ከተማ ኑሯቸውን መሠረቱ። ሊሊያን ከጊዜ በኋላ ያገባችው ጆርጅ ፎንቴን በልጆቹ ላይ እጅግ ጥብቅ ነበር። ኦሊቪያ በትምህርት ቤት ተውኔት ውስጥ ዋናውን ሚና ማግኘቷን ሲሰማ ወይ ተውኔቱን ወይ ቤቱን እንድትመርጥ አዘዛት፤ እርሷም ተውኔቱን መርጣ ከቤት ወጥታ በቤተሰብ ወዳጅ ዘንድ ተጠጋች።

ወደ ፊልም የገባችው በአጋጣሚ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1934 ዝነኛው አውስትሪያዊ አዘጋጅ ማክስ ራይንሃርት የሼክስፒርን «የበጋ ሌሊት ሕልም» በሎስ አንጀለስ ሰፊ የአደባባይ መድረክ ሲያዘጋጅ፣ የ18 ዓመቷ ኦሊቪያ ሄርሚያ ለተባለችው ገጸ ባሕርይ የተጠባባቂዋ ተጠባባቂ ሆና ተመዘገበች። ከእርሷ በፊት የነበሩት ሁለቱም ተዋንያት ፊልም ለመሥራት ሲሄዱ ሚናው በእጇ ወደቀ። ራይንሃርት ያንኑ ተውኔት ለዋርነር ብራዘርስ በፊልም ሲሠራ እርሷንም ይዞ ገባ፤ መምህርት ለመሆን የነበራት ሐሳብ ቀርቶ ከስቱዲዮው ጋር ውል ፈረመች፤ በ1936 ደግሞ የሰባት ዓመት ውል ገባች።

ዋርነር ብራዘርስ የሠራላት ቦታ ግን ጠባብ ነበር። በ1935 ከኤሮል ፍሊን ጋር በአንድ የባሕር ወንበዴዎች ፊልም ተጣምራ ከተወደደች በኋላ፣ እስከ 1941 ድረስ ሁለቱ በስምንት ፊልሞች አብረው ቀረቡ። ከሁሉም የታወቀው በ1938 በቀለም የተቀረጸው የሮቢን ሁድ ታሪክ ሲሆን፣ ዛሬም ቢታይ ደስታው አልደበዘዘም። ሆኖም በእነዚህ ፊልሞች ሰይፉም ፈረሱም ንግግሩም የወንዱ ነው፤ የእርሷ ድርሻ መታፈን፣ መጠበቅና መጨረሻ ላይ መታቀፍ ነበር። ሜላኒን ለመጫወት ዕድል ስታገኝ ጃክ ዋርነር ለሌላ ፕሮዲዩሰር ሊያውሳት አልፈለገም። እርሷ በዚህ አላበቃችም፤ የዋርነርን ሚስት ሻይ ጋብዛ አማላጅ አደረገቻትና ፈቃዱ ተገኘ። በዚህ ሚና ለረዳት ተዋናይት ኦስካር ስትታጭ ሽልማቱን የወሰደችው በዚያው ፊልም የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል፣ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት።

ከዚህ በኋላ ወደ ስቱዲዮው ስትመለስ የሚሰጣት ድርሰት እንደ በፊቱ ነበር፤ እርሷም እምቢ ማለት ጀመረች። እዚህ ላይ የጊዜውን የውል አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ተዋናይ የተሰጠውን ሚና አልቀበልም ካለ ስቱዲዮው ከሥራ ያግደዋል፤ በእገዳው ጊዜ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ለሌላ ድርጅትም መሥራት አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው፣ የታገደባቸው ሳምንታት አንድ በአንድ ተቆጥረው በውሉ መጨረሻ ላይ ይጨመራሉ። ስለዚህ «ሰባት ዓመት» የተባለው ውል ተዋናዩ አንገቱን ካልደፋ በቀር ስምንትም አሥርም ዓመት ሊሆን ይችላል። የኦሊቪያ ውል በ1943 ሲያበቃ ስቱዲዮው የስድስት ወር ያህል ዕዳ ቀርቶብሻል አላት።

ጠበቃዋ ማርቲን ጋንግ አንድ የካሊፎርኒያ ሕግ አሳያት፤ ሕጉ አንድን ሠራተኛ ከሰባት ዓመት በላይ በግል አገልግሎት ውል ማስገደድ አይቻልም ይላል። ክርክሩ ያረፈው ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያ የሚቆጠር ሰባት ዓመት ነው ወይስ በሥራ ላይ ያለፈ ሰባት ዓመት በሚለው ላይ ነበር። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ከዚያ በፊት እስከ መጨረሻ የገፋበት ተዋናይ አልነበረም፤ የሥራ ባልደረባዋ ቤቲ ዴቪስም በ1936 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከዋርነር ጋር ተሟግታ ተረትታ ተመልሳለች። ኦሊቪያ በ1943 ክስ መሠረተች፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ ስቱዲዮው ይግባኝ ቢልም የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1944 ፍርዱን አጸና። በ1945 መጀመሪያ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም በማለቱ ነገሩ ተዘጋ።

ድሉ በነጻ አልተገኘም። ክርክሩ ሲካሄድ ጃክ ዋርነር ማንም እንዳይቀጥራት ለሌሎቹ ስቱዲዮዎች ደብዳቤ በትኖ ስለነበር፣ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ፊልም ሳትሠራ ቆየች፤ በዚህ ጊዜ ወታደራዊ ሆስፒታሎችን እየዞረች ቁስለኞችን ትጎበኝ ነበር። ከፍርዱ በኋላ ግን ከጦር ሜዳ የተመለሱ ተዋንያን ጭምር ያለፈው ጊዜ በዕዳ እንዳይቆጠርባቸው መከታ አገኙ። ሕጉ ዛሬም ከፊልም አልፎ በሙዚቀኞችና በአሳታሚ ኩባንያዎቻቸው ክርክር ውስጥ ይጠቀሳል። በግል አስተያየት ከሁለቱ ኦስካሮቿ ይልቅ ይህ ፍርድ ይከብዳል።

ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የመጡት አራት ዓመታት የሥራዋ ጣሪያ ናቸው። በ1946 «ቱ ኢች ሂዝ ኦውን» በተሰኘው ፊልም ልጇን ለሌላ አሳልፋ የሰጠች እናትን ከኮረዳነት እስከ ጎልማሳነት ተጫውታ የመጀመሪያውን ኦስካር ወሰደች። በ1948 «ዘ ስኔክ ፒት» ለሚለው ፊልም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችን እየጎበኘች ታካሚዎችንና የሕክምናውን ሥርዓት አጠናች፤ ፊልሙም የሆስፒታሎቹን ይዞታ ለሕዝብ ክርክር አበቃ።

ሁለተኛው ኦስካር የመጣው በ1949 ዊልያም ዋይለር ካዘጋጀው «ዘ ኤይረስ» ነው። ኦሊቪያ አባቷ የሚንቃትን፣ አንድ መልከ መልካም ወጣት ለውርሷ ሲል የሚያሽኮረምማትን ካትሪን የተባለች ልጅ ትጫወታለች። ወጣቱ አብረን እንጠፋለን ብሎ ሳይመጣ ከቀረበት ሌሊት በኋላ ካትሪን ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ዋይለር ይህን ቀረጻ ደጋግሞ አሠራት፤ አሁንም አልረካም፤ እርሷም ተበሳጭታ ሻንጣውን ወረወረችው። ያን ጊዜ ባዶ መሆኑን ያወቀው ዋይለር ከባድ ነገር እንዲጨመርበት አዘዘ። በፊልሙ ላይ የምናየው የትከሻዋ መዝመምና የእግሯ መጎተት ስለዚህ ከእውነተኛ ሸክም የመጣ ነው።

ከእኅቷ ከጆአን ፎንቴን ጋር የነበራት ቅራኔ ጋዜጦችን ለዓመታት ቀልቧል። በ1942 ሁለቱም ለምርጥ ተዋናይት ታጭተው ታናሿ አሸነፈች፤ ኦሊቪያ የመጀመሪያ ሽልማቷን ባገኘችበት ምሽት ደግሞ ጆአን እንኳን ደስ ያለሽ ልትላት ስትቀርብ ፊቷን አዞረችባት። በመሪ ተዋናይነት ኦስካር ያገኙ እኅትማማቾች እስካሁን እነርሱ ብቻ ናቸው።

ከመጀመሪያ ባሏ ከደራሲ ማርከስ ጉድሪች ከተፋታች በኋላ በ1955 ፈረንሳዊውን ጋዜጠኛ ፒየር ጋላንት አግብታ ኑሮዋን በፓሪስ አደረገች፤ ከሁለቱ ጋብቻዎችም አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ ወልዳለች። ከዚያ ወዲህ የሠራቻቸው ፊልሞች ጥቂት ናቸው። በ1965 የካን ፊልም ፌስቲቫል ዳኞች ሰብሳቢ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ፈረንሳይ በ2010 የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሸለመቻት፤ በ2017ም 101 ዓመት ሊሞላት ሲል ከብሪታንያ «ዴም» የሚለውን ማዕረግ ተቀበለች።

በዚያው ወር፣ ከልደቷ አንድ ቀን ቀድማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያለ ፈቃዷ ሐሜተኛ ተደርጌ ተሳልኩ ስትል ኤፍኤክስ በተባለው ጣቢያ ላይ ክስ አቀረበች። የመጀመሪያው ዳኛ ክሱ እንዲቀጥል ቢፈቅድም፣ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 ድራማው በመናገር ነጻነት የተጠበቀ ነው ብሎ ውድቅ አደረገባት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጃንዋሪ 2019 አቤቱታዋን ሳይቀበል ቀረ። ኦሊቪያ ጁላይ 26 ቀን 2020 በ104 ዓመቷ በፓሪስ ቤቷ አርፋለች።