ቁልቁለቱ ራሱ አይወስድም፦ ስለ ከባድ መኪናና ስለ ማሽን ሥራ የሚነገሩ ስሕተቶች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ማግሥት፣ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የማሠልጠኛ ቢሯችን የሚመጡ ወላጆች ንግግራቸው ተመሳሳይ ነው፤ «ልጁ ትምህርቱ አልሆነለትም፤ እባክዎ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ያውጡለትና ራሱን ይቻል» ይላሉ። አንዳንዱ በሬ ሸጦ፣ ሌላው ዐረብ አገር ካለች ልጁ ብር አስልኮ ነው የሚመጣው። ድካማቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን የከባድ መኪናና የማሽን ሥራ ትምህርት እንቢ ያለው ሰው የሚጠለልበት ነው የሚለው ሐሳብና ከእሱ ጋር የሚነገሩት ሌሎች ወሬዎች ልጆቹን ገና ሳይጀምሩ እያበላሹብን ስለሆነ፣ ዘንድሮ ለእያንዳንዱ ወላጅ ለየብቻ ከማስረዳ በጽሑፍ መልስ መስጠትን መርጫለሁ።

«አምስተኛ ያወጣ ሁሉንም ይነዳል»

አይነዳም። አምስተኛ የሚባለው ደረጃ የቀድሞው አሠራር ቅሪት ሲሆን፣ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃዱ በተሽከርካሪው ዓይነት ይከፋፈላል፤ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት፣ የሕዝብ ማመላለሻና ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ተነሥቶ ሎደር ላይ መውጣት አይችልም፤ የዶዘር ኦፕሬተርም የነዳጅ ቦቴ አይነዳም።

«ረዳትነት ጊዜ ማባከን ነው»

ፈቃዱን ይዞ የወጣ ልጅ ረዳት ሁን ሲባል እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። አባቱም አብሮ ይቆጣል፤ «ለዕቃ ጠባቂነት ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት?» ይለኛል። ፈቃዱ የሚመሰክረው ባለቤቱ በፈተናው ዕለት በፈተናው ሜዳ ላይ የተጠየቀውን መሥራቱን ብቻ ነው። ጭነት እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሸራው በዝናብ ጊዜ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የተሳቢው የአየር ቱቦ ሲያፈስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ መንታ ጎማ ውስጥ የገባ ድንጋይ ሳይወጣ ቢነዳ ምን እንደሚያደርስ የሚታወቀው በረዳትነት ነው። ከዚያ በኋላ አነስ ያሉት የጭነት መኪኖች፣ ኢሱዙ ወይም ኤፍ ኤስ አር፣ ቀጥሎ ገልባጭ ወይም ነጠላ የጭነት መኪና፣ በመጨረሻ ተሳቢ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል ዘለው የሚቀጥሩ ባለንብረቶች የሉም አልልም፤ አሉ፤ መኪናቸውንም ሥራቸውንም ሲያጡ አይቻለሁ።

«የሚፈትነው ዳገቱ ነው፤ ቁልቁለቱማ ራሱ ይወስዳል»

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ይህኛው ነው። የሚናገሩት ልጆች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋኝ ነበር፤ ዕድሜ ጠገብ ሹፌሮችም ሻይ ቤት ተቀምጠው በኩራት ሲያወሩት እሰማለሁ።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ሰው የዓባይን በረሃ መውረዱ አይቀርም። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ድልድዩ ያለበት ሸለቆ ደግሞ ከ1000 ሜትር ብዙም አይርቅም። ይህ ሁሉ ከፍታ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ያልቃል። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 14 ሊትር ያህል ናፍጣ ቢቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ሙቀቱ የሆነ ቦታ መግባቱ ስለማይቀር፣ ሞተሩ ይዞ ካላስቀረው የሚሸከሙት የፍሬኑ ታምቡሮች ናቸው። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከውስጥ እየተፋጨ ከሚይዘው የፍሬን ሸራ ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ክፋቱ፣ በአየር ፍሬን ላይ ፔዳሉ ከእግር ሥር እንደ ወትሮው ስለሚሰማ፣ ሹፌሩ ፍሬኑ መድከሙን የሚያውቀው መኪናው አልቆም ሲለው ነው።

እኛ ዘንድ ሠልጥኖ የወጣ አንድ የደንበጫ ልጅ በቆሎ ጭኖ ሲወርድ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ከደጀን የተነሣው በከፍተኛ ማርሽ ነበር፤ መንገዱ ክፍት ነበርና ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ እየያዘ ወረደ። ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ረዳቱ የተቃጠለ ሸራ ሸተተው፤ ከመስተዋቱ ላይም ከኋላ ጎማዎች ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ታየ። ልጁ ደንግጦ ማርሽ ለመቀነስ ሲሞክር የያዘው ማርሽ ወጣለት፣ ዝቅተኛው ግን አልገባለትም፤ መኪናው ከሞተሩ ተላቅቆ ዜሮ ላይ ቀረ። ፍሬኑን ደጋግሞ በረገጠ ቁጥር የአየሩ ጌጅ መርፌ ወደ ቀዩ ወረደ፤ ማስጠንቀቂያውም መጮኽ ጀመረ። ያዳነው በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል መጠጋቱ ነው፤ የቀኙን ጎማዎች ቦይ ውስጥ ከትቶ፣ የካቢኑን ጎን ከአለት ጋር እያፋጨ አቆመው። በኋላ መጥቶ «ጋሼ፣ ማርሹ እኮ አልገባ አለኝ» አለኝ። አይገባም! መግባት የነበረበት ደጀን ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ነበር።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይቆማል፤ ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን፣ የተሳቢውን ቱቦዎችና ማያያዣ ይመለከታል፤ የአየሩ መጠን እስኪሞላ ይጠብቃል። ከዚያ ያንኑ ቁልቁለት ጭኖ ቢወጣው ኖሮ በሚይዘው ማርሽ፣ ጭነቱ ከከበደም ከዚያ ባነሰ፣ የሞተሩን ፍሬን፣ ማለትም ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ እንዲያስቀር የሚያደርገውን፣ ከፍቶ ይነሣል። የእግር ፍሬን ለጭማሪ ነው፤ ፍጥነቱ ከታሰበው ሲያልፍ ጠንከር አድርጎ ረግጦ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀነስና ፈጽሞ መልቀቅ እንጂ፣ እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መውረድ ታምቡሩን ያለ ዕረፍት መጥበስ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሚኒባስ ጥሩንባ ቢነፋ ይንፋ።

ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል የሚሉም አሉ። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ጎማው ስለሚያዞረው የነዳጅ ፓምፑ ናፍጣ ማቅረቡን ያቋርጣል፤ ዜሮ ላይ ያለው ግን እንዳይጠፋ የራሱን ያቃጥላል። ደጀን ላይ ተቆጠበ የተባለው ናፍጣ በሸራና በታምቡር ዋጋ ተባዝቶ ይከፈላል።

የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ መድፋትም ያው ነው፤ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ረባዳ ቦታ ሲገኝ ጎማው ሥር ታኮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን በጋለ ታምቡር ላይ ሳይስቡ፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው መፍትሔው።

«ጫት ካልቃሙ ሌሊት አይነዳም»

ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም። ምርቃናው ሲበርድ የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሹፌሩ ዓይኑን ገልጦ ሊያንቀላፋም ይችላል። ከጂቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ በሚሌ ወደ ጎጃም የሚመለስ ሰው መንገዱን በቀናት ከፋፍሎ መተኛት አለበት። ይህን የማይፈቅድ ባለንብረት ካለ ጉዳዩ የጫት ሳይሆን የአሠሪው ነው።

«ሴት ልጅ ከባድ ማሽን አትችልም»

ማሽኑ የሚንቀሳቀሰው በሃይድሮሊክ ነው፤ የክንድ ጉልበት አይጠይቅም። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም።

«ኦፕሬተርነት ሊቨር መጎተት ነው»

የኤክስካቫተርን፣ የቆፋሪውን ማሽን፣ ሁለት ሊቨሮች ማላመድ ለጎበዝ ልጅ ብዙ አይከብድም፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ ባልዲው ስለታዘዘለት ተምሮ የጨረሰ ይመስለዋል። ማሽኑ የቆመበትን አፈር ከሥሩ እየቦረቦረ መሆኑን፣ በላዩ የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን፣ ሲዞር ከኋላው ሰው መቆሙን ማየት ግን ሌላ ችሎታ ነው። እንጅባራ አካባቢ ቀይ አሸዋ በሚወጣባቸው ቦታዎች፣ ጀማሪ ኦፕሬተሮች ቁልሉን ከሥር ብቻ እየዛቁ ከላይ ያለውን እንደ ጣሪያ አንጠልጥለው ሲተዉት አይቻለሁ። አሸዋው ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው።

አፈር የሚጠቀጥቀው ሮለርም ይናቃል፤ «ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ ነው» ይላሉ። ብቸና አካባቢ ባለው መረሬ፣ በጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ላይ ይሞክሩት። አፈሩ ከደረቀ አይጠቀጠቅም፤ ውኃ ከበዛበት ደግሞ ከሮለሩ ሥር እንደ ሊጥ ይወዛወዛል፤ ያንን ዓይቶ ማሽኑን የሚያቆምና የውኃ ቦቴውን የሚመልስ ኦፕሬተር ነው ተፈላጊው። ግሬደርን በመጀመሪያ ዓመቱ እነዳለሁ የሚል ልጅ ቢመጣ ግን አልቀበለውም፤ የመንገዱን የመጨረሻ ገጽታ የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ሌሎቹን የጨረሰ ሰው ሥራ ነው።

ጥሩ ኦፕሬተር የሚለየው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ነው። የዘይቱን መለኪያ ያወጣል፣ ውኃውን ያያል፣ የመጋጠሚያ ፒኖቹን ግራሶ ያጠጣል፣ ከማሽኑ ሥር አዲስ ጠብታ መኖሩን ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። ሰዓት ቆጣሪውን ይመዘግባል፤ የብዙዎቹ ማሽኖች የሞተር ዘይት በየ250 ሰዓቱ ስለሚቀየር፣ ያልተመዘገበ ሰዓት ማለት ያልተቀየረ ዘይት ማለት ነው። ማታ ደግሞ ቱርቦው እስኪበርድ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ያቆየዋል።

«አንዴ ከተገባበት ብር ነው»

ብር አለው፤ በየወሩ ግን አይደለም። በጎጃም ክረምት የአፈር ሥራ ይቆማል፤ በፕሮጀክት የተቀጠረ ኦፕሬተር ከሰኔ ጀምሮ ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል። ለሹፌሩም ከሚነገረው ገቢ ብዙው አበል ስለሆነ መኪናው ጋራዥ በገባ ጊዜ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ወላጆች እኔን «ስንት ያገኛል?» ብለው ከመጠየቅ፣ ልጃቸው ሲቀጠር ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ቢያግዙት ይሻላል፦ መነሻ ደመወዙ ከአበሉ ተለይቶ ይጻፍ፤ የጡረታ መዋጮ መኖሩ ይረጋገጥ፤ የፈነዳ ጎማና የጎደለ ጭነት በማን እንደሚታሰብ፣ ከተፈቀደው በላይ ተጭኖ ቢቀጣ ቅጣቱን ማን እንደሚከፍል፣ መኪናው ሲቆም ስንት ቀን ደመወዝ እንደሚታሰብ በስም ይጠቀስ። ባለንብረቱ «እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን» ካለ፣ ልጁ ቁልፉን ሳይቀበል ይመለስ፤ ሌላ ቀጣሪ እስኪገኝም ረዳትነቱን ይቀጥል።